ደወለ፣ ዘጋው

በሞንቴቪዴዮ አሳንሰር ሲቆም
እሱን ነው የሚጠሩት፤ ኤውላሊዮ አይደክም።
ሰው ተይዞ ሲጮህ በሁለት ፎቅ መሀል
«አይዞህ፣ መጣሁ» ብሎ መፍቻ ያነሣል።

ግን የወንድሙን ስም ካልጠራ ዓመቱ፣
ወንዙ ከወሰደው ከነጀልባይቱ።
ሚስቱ ስትጠይቀው «ምንም» ይላታል፣
የቀዘቀዘውን ሾርባ ያማስላል።

«ደም ግፊት አይደለም» አለችው ማቲልዴ፣
የሰፈሩ ነርስ፣ «ደውልላት አንዴ።»
ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ሰጠችው፤
ከመፍቻዎቹ ጋር ሁለት ወር አኖረው።
ግራሶ ነክቶት ሰባቱ አንድ መሰለ።
ደወለ። ዘጋው።
ደግሞ ደወለ።
«ማን ልበል?» ስትለው በሐምሌ ማለዳ
የገዛ ስሙ እንኳ ሆነበት እንግዳ።

ማክሰኞ አሥር ሰዓት፣ አራተኛው ፎቅ ላይ፤
በደረጃ ወጣ አሳንሰሩን ሳያይ።
ጠባብ ክፍል ናት፤ ሁለት ወንበር፣ መስኮት፣
ውኃ የጠማው ተክል፣ አንድ ፓኮ ሶፍት።

«ከየት ልጀምረው?»
«ደስ ካለህ ቦታ።»
ስለ ገመድ አወራት፣ ስለ ሞተር ጫጫታ።
አልመከረችውም፤ «ተው፣ እርሳው» አላለች።
አዳመጠች።
ጠበቀች።
ሲወጣ አጉረመረመ፦ «ለወሬም ይከፈላል?»
ያን ሌሊት ግን ሦስት ሰዓት ተኝቷል።

በአምስተኛው ሳምንት፣ መሀል ላይ፣ ሳያስበው፣
«ኒካኖር» አለ።
ስሙ ክፍሉን ሞላው።

ዳነ አልላችሁም፤ ወንዙን ሲያይ ይጨልማል፤
ሾርባውን ግን አሁን ትኩሱን ይጠጣል።

ትናንት አንድ አዛውንት በጨለማ ሣጥን
ተይዘው ሲጮኹ፣ ሳያነሣ መፍቻውን
በሩ ሥር ተቀመጠ፤ ጆሮውን አስጠጋ።
«ይናገሩ፣ አለሁ» አለ ረጋ ረጋ።