ሰባት በአስራ አንድ ቤት

ሰኞ ማለዳ ከዋናው ቢሮ አምስት ካርቶን መጣ፤
አዳዲስ ኮምፒውተር፣ ላስቲኩ ገና ያልወጣ።
አብሮት አንድ ወረቀት፣
ባለ ሁለት መስመር ትእዛዝ ያለበት፦
«ከአርብ ወዲያ በፋብሪካው አሮጌ ሥርዓት አይነሳ፤
ሁሉም በአስራ አንደኛው ይሥራ፤ ሰባተኛው ይረሳ።»

ኮትካ ላይ ጥር ነው። ባሕሩ በረዶ ለብሷል፤
የወረቀት ፋብሪካው እንፋሎት ሰማዩን ደግፎ ቆሟል።
እኔ ሂልካ ነኝ፤ የዚህ ቤት የይለፍ ቃል አዳይ፤
ሰው ስሜን የሚያስታውሰው ስክሪኑ ሲሆን ሰማይ።

ታይስቶ ከሦስተኛው መስመር መጥቶ በሬ ላይ ቆመ፤
ጓንቱን አወለቀ፤ ከንፈሩ ተከፈተ፤ ተጋጠመ።
«ያቺን ልጅ ምን ልታደርጊያት ነው?» አለኝ።

«ልጅ» የሚላት ማሽን ናት፤ የወረቀት እርጥበት የምትለካ፤
ከሰባተኛው ጋር እንጂ ከሌላ የማትነካካ።
የሠራት ድርጅት ተዘግቷል፤ ስልኩ ሲደወል ይጮኻል፤
ፕሮግራሟን የጻፈው መሐንዲስ ዛሬ ንብ ያረባል ይባላል።
አሮጌው ኮምፒውተሯ ደግሞ ቅዳሜ ሌሊት ሞተ፣
ፋኑ ውስጥ ብናኝ ተጠቅጥቆ፣ ትንፋሹ እየጎተተ።

ለፈቃድ ጻፍሁ። ቅጹ አስራ ዘጠኝ ጥያቄ አለው፤
«ለምን?» ለሚለው የተተወው ቦታ ግን ሁለት መስመር ነው።
«ወረቀት ስለምንሠራ» ብዬ ጻፍሁ። አጠፋሁት።
«ታይስቶ...» ብዬ ጀመርሁ። እሱንም አጠፋሁት።
በመጨረሻ «ለምርት አስፈላጊ» ብዬ ላክሁት።
ማክሰኞ ዝም። ረቡዕ ማታ፦ «ተፈቅዷል፤
ከኔትወርክ ይነጠል፤ ኃላፊነቱ ያንቺ ይሆናል።»

መጽሐፉ፣ አዲስ የወይን ጠጅ በአረጀ አቁማዳ አታኑሩ ይላል፤
አሮጌ ጠጅ በአዲስ አቁማዳስ? ስለሱ ዝም ብሏል።
ሐሙስ ሌሊት እኔ ደረስሁበት፦
አቁማዳው አይቀደድም፤ ጠጁን ግን አያውቀውም፤
«ማን ነህ?» ይለዋል በር ላይ፣ «ፊርማህ አልታደሰም።»

የበሩን ዘበኛ አስተኛሁ፤ ፍላሹን ሰካሁ።
አራት ብርሃን ከአራት ማዕዘን በጥቁሩ ላይ ተሳቡ፤
ዞሩ፣ ተጠማዘዙ፣ መሐል ላይ ተሰበሰቡ።
«ቋንቋ ምረጥ» አለኝ። ማውሱን ነካሁ፤ አልሄደ።
ቁልፍ ሰሌዳው ላይ ዘነብሁበት፤ አንድ ፊደል አልወረደ።
እሱ በተጻፈ ጊዜ ይህ ሶኬት አልተወለደም፤
ፊቱ ተቀምጫለሁ፤ እጄ ግን አይታየውም።

ነገሩ ድራይቨር ይባላል፤ እንደ ስሙም ሾፌር ነው፤
መንገዱም መኪናውም አለ፤ የጎደለው የሚነዳው።
ከቆየ ማኅደር ቆፍሬ አወጣሁ፤ ከፍላሹ ጋር ሰፋሁት፤
አስነሳሁት። ወደቀ። ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት።
ታይስቶ አልሄደም። የአጃ ዳቦውን በቢላዋ ይቆርጣል፤
አንዱን ለኔ ያስቀምጣል፤ «ልጅቷ እንዴት ናት?» ይላል።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀስቷ ተንቀሳቀሰች።
ንጋት ላይ መለኪያዋ ነቃች፤ ተጠየቀች፤ መለሰች፦
ስድስት ነጥብ ሁለት።

ታይስቶ ከጥቅሉ ጫፍ አንዲት ቁራጭ ቀደደ፤
በአውራ ጣቱ አሸት አደረጋት፤ ዐይኑን ጨፈነ፤ ፈረደ፦
«ስድስት ነጥብ ሦስት።
ግን ስትተኛ ሰንብታለች፤ ይቅር ትባል።»

ከቅዳሜ ወዲህ መስመሩ አንድ ሰዓት አልቆመም። አሁን ገባኝ
ማን ሲለካ እንደ ሰነበተ። ጣቱን አየሁት፤ እሱም አየኝ፤
ሻካራ፣ ነጭ ብናኝ የተቀባ፣
በየትኛውም የንብረት ዝርዝር ያልገባ።

ኔትወርኩን ነቀልሁ። ቢጫ ወረቀት ለጠፍሁ፦ «አይታደስ፤
ሂልካ ሳትጠየቅ ማንም እጁን አያድርስ።»
የፈቃዱን ግርጌ፣ ያቺን ደቃቅ ፊደል ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው፦
«ይህ ልዩ ሁኔታ የሚያገለግለው እስከ ሰኔ ሠላሳ ነው።»
ጮክ ብዬ አነበብሁለት።

«እኔም እስከዚያው ነኝ» አለ።
የዳቦውን ፍርፋሪ ከጠረጴዛዬ ሰበሰበ፤ ጓንቱን አጠለቀና
ወረደ ወደ ሦስተኛው መስመር፤ ጥቅሉ ሊቀየር ነበርና።