ከሁለታችን ማን ነው

ኦሬሊዮ ናዌልኪን "ግትሯ" የምትባል ጀልባውን ይዞ መጣ፣
ኬምቺ ወደብ ላይ፣ ዝናብ ሳያባራ፣ ገና ጎህ ሳይወጣ።
"ጥርሴ ተነቃነቀ፤ ወገቤ ተቆረጠ፤
ውሃው ረግቶ ሳለ ድምጿ የተዋጠ፤
ማዕበል ሲያገኛት ግን…" አለና በእጁ አሳየን፣
ወንፊት እንደሚነፋ ሰው። ዝም ብለን አየን።

የወደቡ ሰው ሁሉ ሐኪም ነው፣ ያለ ክፍያ፣ ያለ ዕዳ፤
"ፕሮፔለሩ ታጥፏል" አለ አንዱ፣ መረቡን እያጸዳ።
"ኩሽኔታው አልቋል" አለ ሌላው። ሦስተኛው "ዘንጉ ነው" አለ፤
አራተኛው ጠንቋይ ጠራ፣ ከማዶ ደሴት ያለ።

አባቴ ግን ግምት አይወድም። "ሞተር እንደ ምስክር ነው፤
አይጠረጠርም፤ ይጠየቃል፤ የሚያውቀው እሱ ነው።"

ጠየቅናት።
ገመዷን ሳንፈታ፣ ማርሹን ባዶ አድርገን፣ ነዳጅ ሰጠን፤ ዝም።
ማርሽ አስገባን፤ ገመዱ ተወጠረ፤ አትናገርም።
ባሕሩ ሲጎድል አሸዋ ላይ ቀረች፤ ከሥሯ ተኛሁ፤
ምላጮቹን በጥፍሬ መታሁ፣ እንደ ደወል ሰማሁ፤
ዘንጉን አዞርኩ፣ በክር ለካሁ፤ ቀጥ ያለ።
ኩሽኔታውን ናጥኩት፤ እንደ ገጠመ አለ።

ከሰዓት ወደ ሰርጡ ወጣን። ነፋሱ ከሰሜን፣ ጅረቱ ከደቡብ፤
ሁለቱ ሲጣሉ ውሃው ጥርስ አወጣ፣ አጭር፣ ድርብርብ።
ያኔ ጀመራት፤
ከእግር ጥፍር ተነሥቶ እስከ ራስ ቅል ድረስ፤
ብሎኖቹ በጣሳቸው ሲንጫጩ፣ መስታወቱ ሊፈርስ።

ካለፈው ክረምት ወዲህ የአባቴ ቀኝ እጅ ሌላ ሰው ሆኗል፤
ሾርባው አፉ ሳይደርስ ግማሹ ጨርቁ ላይ ቀርቷል።
በቤት አይወራም። ጎድጓዳ ማንኪያ ሰጠሁት፤ ወሰደ።
ድሮ መዳፉን ከሞተር ጣል አርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣
ሕመሙን በስሙ ይጠራው ነበር፣ ጎረቤቱ ሆኖ።
ዛሬ ጫነና አነሣው። እንደገና ጫነው።
ጎንበስ አለ፣ ኦሬሊዮ እንዳይሰማ፤
"ዞይላ፣ የሚንቀጠቀጠው ከሁለታችን ማን ነው?"

መልስ አልነበረኝም።

ካቻቢቴውን አነሣ። ጫፉን ከብረቱ ተከለ፤
የእንጨት እጀታውን በጥርሱ ነከሰ፤ መንጋጋው አልዋለለ።
እጅ ቢከዳ አጥንት ይሰማል።
"ነዳጅ ቀንሺ" አለ በጥርሱ መሀል። ቀነስኩ። "ጨምሪ።" ጨመርኩ።
"ፕሮፔለር ቢሆን ከዙሩ ጋር ይወጣ ይወርድ ነበር፤ ቆጠርኩ፤
ይሄ የሚቆጥረው ማዕበሉን ነው። እግሯን ነው። ውረጂ፤
አራቱንም ዳብሺ፤ በዓይንሽ አይደለም፣ በእጅሽ እንጂ!"

ወረድኩ። የሞተሩ ቤት ጠባብ ነው፤ ናፍጣና ጨው ይሸታል።
አንደኛው እግር ጸጥ። ሁለተኛው ጸጥ። አራተኛው ጸጥ ብሏል።
ሦስተኛው፣
ማዕበል ሲያነሣን ተነሣ፤ ሲጥለን ተቀመጠ።
ከጎማው ሥር ብሎኑ፣ ማንም ሳያየው፣ በዝገት ተቆረጠ።
ከላይ ዳዶው ጥብቅ፣ ቀለሙ ደህና፤ በረጋ ውሃ ክብደቱ
ቁጭ ያደርገዋል፤ ጤና ይመስላል ስብራቱ።

በማግስቱ ለወጥነው። ብሎኑ ርካሽ ነው፤ ውዱ ማግኘቱ ነው።
ደግሞ ወጣን። ማዕበሉ ትናንት እንደተውነው፤
"ግትሯ" ደረቷን ሰጥታ ትሰነጥቀዋለች፤ ድምጿ አንድ ነው።
አባቴ ክዳኑ ላይ መዳፉን ዘርግቶ ቆየ።
አምስት ጣት፣ በረጋ ብረት ላይ፣ ብቻውን ሲንቀጠቀጥ ታየ።
"እንግዲህ" አለ፣ "እሷ ጨርሳለች። የቀረው የኔ ነው።"

ደረሰኙን እኔ ጻፍኩ። ስሰጠው ፈረመ፤
ኤሉቴርዮ የሚለው ስሙ፣ ሞገድ ሆኖ ቆመ።
ኦሬሊዮ አየው፤ አጠፈው፤ ከደረት ኪሱ ከተተው።
"ሰኞ" አልኩት አባቴን፣ "አንኩድ እንሄዳለን፣ ሐኪም ቤት።"
እጁን ኪሱ ውስጥ አስገብቶ ውሃውን ተመለከተው፤
"ግምት እንዳይነግረኝ" አለ፤ "መጀመሪያ ይጠይቀው።"