ሃያ አራት ኦም

ጀህራ፣ ግንቦት ነው፤ አሸዋው ይነፍሳል፣
መስኮቱ ቢዘጋም አቧራው ይደርሳል።
ዘጠኝ ዲሽዳሻ አለ፣ ነጭ እንደ ወረቀት፣
ካውያ ይዤ ቆሜያለሁ ከዘጠኝ ሰዓት።

ፈዋዝ ጠረጴዛው ላይ አገጩን አስደግፎ
እርሳሱን ያኝካል፣ የደብተሩን ጫፍ አጥፎ።
ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ጥያቄው አንድ መስመር፦
"ቮልቱ ሁለት መቶ አርባ፣ ኮረንቲው አስር አምፔር፤
የሽቦው ተቃውሞ፣ ኃይሉስ ስንት ይሆናል?"
ጻፈ፣ አጠፋ፣ ጻፈ፤ ላጲሱ አልቋል።

"እስቲ ልየው" አልኩት በተሰባበረው አረብኛዬ፤
"አንቺ?" ብሎ ሳቀ። ደብተሩን ግን ገፋው ወደ ካውያዬ።

አያውቅም።
ኮምቦልቻ፣ ቴክኒክ ትምህርት ቤት፣ ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ፤
"ሴት ልጅ ምሰሶ ላይ?" ሲሉኝ ወጥቼ መስመር ገጥሜያለሁ።
መምህር እንድሪስ ጠመኔውን በኮቱ እጅጌ ጠርጎ፣
"ቮልት ገፊ፤ አምፔር ተገፍቶ ሂያጅ፤ ኦም ግን..." ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
"ኦም በሩን የያዘ ነው፤ እስቲ እለፉ የሚል።
ገፊውን ለሂያጁ አካፍሉት፣ የበረኛው ልክ ይወጣል።"

ካውያውን አቆምኩት፤ ተረከዙ ላይ፣ ከዛገው ታርጋ፣
ያው ቁጥር ተጽፏል። ጠጋ አለ ልጁ፣ ጠጋ።
"ሁለት መቶ አርባ ሲካፈል ለአስር፦ ሃያ አራት ኦም፤
ሲባዛ በአስር፦ ሁለት ሺህ አራት መቶ ዋት። ተአምር የለውም።
ካላመንክ በሌላ በር ግባ፦ አምፔሩን በራሱ አባዛው፤
መቶውን በሃያ አራት ምታው።"
መታው። ያው መጣ። ላጲሱን ወረወረው።

"ለምን ይሞቃል?" አለ፣ ጣቱን አስጠግቶ፣ ሸሽቶ።
"የውስጡ ሽቦ ዝም ብሎ አያሳልፍም፤
ይታገላል፣ ይፋጫል፣ ይግላል ደም መስሎ ቀልቶ።
ገመዱን ዳስሰው፤ ያው አስር አምፔር ያልፍበታል፣
እሱ ግን እሺ ባይ ነው፤ ለብ ብሎ ይቀራል።"

ሐሙስ ውጤቱ መጣ፤ አስር ከአስር፣ በቀይ።
"ማን አሳየህ?" ሲሉት "ባባ" አለ።
ምን ይበል ታዲያ? እኔ አልወጣሁም ምላሱ ላይ።

ማታ ከደረጃው ሥር ክፍሌ ውስጥ ማራገቢያው ያንጎራጉራል፤
(ሞተር ነውና በኦም ብቻ አይሰላም፤ እንድሪስ ቢሰማኝ ይቆጣል።)
ልማድ ነው፣ አሰላለሁ። የአራት ወር ደሞዝ፦ ዜሮ።
ግፊቱ ሙሉ ነው፤ እናቴ ትደውላለች፣
የደላላው ብድር፣ ኪራይ፣ የወንድሜ ኑሮ፤
ቮልቱ አለ። የሚሄድ ግን የለም። ዜሮ አምፔር።
የሆነ ቦታ ተበጥሷል፤ ቴስተር የለኝ ልፈትሽ የምር።

ቅዳሜ ፈዋዝ መጣ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ።
"ጦይባ" አለኝ፣ ስሜን ሲጠራ የመጀመሪያው ነው፣
"አንድ ነገር ከነከነኝ" አለ፣ ድምፁ ተጎትቶ።
"ኦሙ ዜሮ ቢሆንስ? በረኛ የሌለው፣
ገፊው እንዳሻው ቢገፋ፣ ምንድን ነው የሚሆነው?"

ልመልስለት ነበር፦ ያኔ ብልጭታ ነው፣ ከዚያ ጭስ፣
ፊውዙ ካልቀደመ ገመዱ ይቀልጣል፣ እሳቱ ጣሪያ ድረስ...

ማማ ከላይ ጠራችኝ። አንዴ። ሁለቴ።
"ሓዲር!" አለ አፌ፣ ቀድሞኝ፣ ሳይጠይቀኝ፣ ከአንገቴ።

ደረጃው መሐል ቆምኩ።
ታች ልጁ እርሳሱን ይዞ መልስ ይጠብቃል፤
ካውያውን አላጠፋሁትም፤ እንደቆመ ይግላል።