የጎደለችው «ር»

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት ከሚጠብቀው ጉድጓድ ማዶ፣
ሁለት መስኮት አለኝ፤ አንዱ የረርን ያያል፣ አንዱ ጥቁር ነው፣ ባዶ።

ባዶው ላይ አንዲት ጭረት ብልጭ ጥፍት ትላለች፣
«ምን ልታዘዝ?» እንደምትል አስተናጋጅ ቆማ ትጠብቃለች።
«አየር» እጽፍላታለሁ፤ ሦስት ፊደል፣ ሌላ የለ።
የሠራኋት እኔ ነኝ፣ መሥሪያ ቤቴ በተዘጋ ሰሞን፣ ቀኑ አልመሽ እያለ።
ፀሐይ አትሥል፣ ደመና አታንሳፍፍ፤
ቁጥር ትሰጠኛለች፣ እንደ ባንክ ገንዘብ ከፋይ፣ ቀና ሳትል፣ ሳትለፈልፍ፦

    አሥራ ዘጠኝ ዲግሪ
    ነፋስ ከምሥራቅ
    ዝናብ አርባ በመቶ

መጀመሪያ «ኮዬ ፈጬ» ብላት «እንዲህ ያለ ቦታ የለም» አለችኝ።
የለም በተባለው ቦታ ተቀምጬ «ቦሌ» አልኳት፤ ያኔ ተቀበለችኝ።
ከዚያ ወዲህ ሹራብ የምደርበው በአውሮፕላን ማረፊያ ሰማይ ነው፤
የኔ ሰማይ ከዚያ ሁለት ታክሲ ይርቃል፣ ያውም ሰልፉ ሳይቆጠር ነው።

ከሕንፃው ሥር ጉደታ አለ፤ ብሎኬት ይመታል።
ጠዋት ጠዋት አንገቱን ቀልሶ ወደ በረንዳዬ ይመለከታል፦
«እታለም፣ ያቺ ልጅ ዛሬ ምን አለች?»
«አርባ በመቶ።»
«አርባ ምኑ? መቶው ማን ነው?
መቶ ግቢ ቢኖር አርባው ላይ ብቻ ትጥላለች?
ወይስ እንደ ሲሚንቶ ነጋዴው ከመቶው ላይ ትቀሽባለች?
የኔ ግቢ ከአርባው ነው ከስልሳው? እሱን ጠይቂልኝ።»
እንዲህ ያለውን የምትጠየቅበት ትእዛዝ አልጻፍኩላትም።

በግንቦት ማለቂያ፣ አንድ ሐሙስ፣ «አምስት በመቶ» አለች።
በሙሉ አፌ ነገርኩት።
ሦስት መቶ መታ፤ ላስቲኩን አጥፎ ጥግ ላይ አስቀመጠው።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያ አምስቱ፣ መቶ ሆኖ መጣ።
ከበረንዳዬ አየኋቸው፣ እሱና የቀን ሠራተኛው ልጅ
በአንድ ላስቲክ ሦስት መቶ ሊያለብሱ ሲሯሯጡ፣
የብሎኬቶቹ ማዕዘን እንደ ስኳር ሲቀልጡ።

በማግስቱ ወርጄ ይቅርታ ልለው ስል ቀደመኝ፦
«አንቺ ምን ታደርጊ፣ ቦሌ አልዘነበ ይሆናል» አለኝ።
እጁን ከተከፈተ ሲሚንቶ አፍ ውስጥ አውጥቶ፣
«ንኪው። እንዲህ ሲቋጠር፣ ሲጠጥር፣ እኔ አልመታም።
የረርም መቀነት ሲታጠቅ ተዪው፤ ሲከናነብ ግን አያልፍም።»
«ታዲያ ትናንት?»
«ትናንትማ ተከናንቦ ነበር፤ በዓይኔ አየሁት።
ግን አንቺ አምስት አልሽ። ቁጥር ነው ብዬ አከበርኩት።»

ያን ለሊት ጣቴ ተቻኩሎ ይሁን አፍሮ፣ «ር»ን ዘለላት።
«አየ» ተጽፎ ቀረ። ጥቁሯ መስኮት መለሰች፦

    «አየ» የሚባል ትእዛዝ አይታወቅም

ደጋግሜ አነበብኩት። እውነቷን ነው። ግፊቱን ታውቃለች፣
እርጥበቱን፣ ሳተላይቱ የላከውን፤ አየን ግን አታውቅም።
ከማን ትማረው? እኔ ጀርባዬን ለየረር ሰጥቼ ነው የሠራኋት፣
መጋረጃው እንደተዘጋ፤ ቤት ከገባሁ ጀምሮ አልገለጥኩትም።

ከመተኛቴ በፊት አዲስ ትእዛዝ ጨመርኩላት።
አሁን «አየ» ሲሏት ቁጥር አትሰጥም፤ የምትጽፈው
ሁለት ቃል ነው፦

    ዞር በይ

ዛሬ መብራት የለም። ሁለቱም መስኮቶች ጭር ብለዋል፤
አንዱ ጠፍቶ፣ አንዱ በመጋረጃ። ልብሴ ገመድ ላይ ነው።
ከታች ድምፅ መጣ፦
«እታለም! ልብስሽን አስገቢ!»
«ስንት በመቶ?» አልኩት፣ መጋረጃውን እየሳብኩ።
ጉደታ ሳቀ። ላስቲኩን በሁለት እጁ እየዘረጋ፣
በአገጩ ወደ የረር ጠቆመኝ፦
«አንገቱ ጋ ደርሷል!»