ሁለት ሃይላንድ

ሁለት ሃይላንድ ነበር፣ ከኋላ ወንበር ሥር፤
ሁለቱም ቢጫማ፣ ጽሑፍ የሌለባቸው፣ ሳያቸው አንድ ዘር።
የአማቼ ቪትዝ ናት፤ ያዋሰኝ ለአንድ ቀን።
የፍሬን ዘይቷ ጎድሎ አየሁ፤
አንዱን አንስቼ ሞላሁ፣ ዘጋሁ ኮፈኑን፣
እጄን በሶፍት አብሼ፣
ገባሁ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ከፒያሳ ቁልቁል፣ በቸርችል ስወርድ ደህና ነበረች፤
ፖስታ ቤት ጋ ስትደርስ ነከሰች።
እግሬን ባነሳ አትለቅም፤ ጎማዋ ጤሰ፣
ከኋላዬ ወያላው፣ ግማሽ ገላው ውጭ፣
«እዚሁ ልታድር ነው?» እያለ ስድቡን አፈሰሰ።

ጋሽ ድንበሩ ከጎማ ቁጠባ መጣ፤
ጣቱን ነክሮ አሸተተ፣ ፊቱ ሳይቆጣ፤
«የሞተር ዘይት ነው። ጎሚኒው ሁሉ አብጧል።
ማነው የጨመረው?» አለ፤ ዓይኑ ግን ያውቃል።

«አጣቢው ልጅ» አልኩኝ።
ከየት እንደመጣ እንጃ፤ ብቻ ቀለለኝ።

አራቱም ጎማ ወለቀ፣ ቱቦው በአልኮል ታጠበ፣
ስድስት ሺህ ብሬን ጋሽ ድንበሩ ሰበሰበ።
አማቼም በስልክ፣ «ያ ልጅ ሁለተኛ አይንካት!»
እኔ ዝም።

በነጋታው አማቼ ደጅ፣ ምንተስኖት ባልዲውን ይዞ፣
«ወንድሜ፣ ዛሬስ አትታጠብም?»
ጣቴን ኪሴ ከተትኩ።
የዘይቱ ሽታ ገና አልለቀቀም።