የታች ሰው

ቅጹ «ሙያህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤
«መሸከም» ብዬ ጻፍሁበት።
አሰልጣኝ አህመዴ ሳቀና፣ «ይመር፣
የቀን ሠራተኛ መሰልህበት፤
አክሮባት በል» አለኝ። ሰረዝሁት።

እውነቴን ነበረ ግን። ስድስት ዓመት ሙሉ
በወጣት ማዕከሉ
ሲሚንቶ ግቢ ላይ፣ ጉልበቴን ሰብሬ፣
እጄን ሽቅብ ገትሬ፣
ሉባባ ጭኔን ረግጣ፣ ትከሻዬን ረግጣ
ወደ ሰማይ ስትወጣ፣
እኔ የማየው የፊት ለፊቱን ግንብ ነው።
ስንጥቁን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ፤
የኖራው ልጣጭ፣ የልጆች የከሰል ጽሕፈት፣
«እዚህ መሽናት ክልክል ነው»።
እሷ የምታይ ግን ጦሳን ነው፣
የሸርፍ ተራን ቆርቆሮ፣ የመስጊዱን ጫፍ፣ ጉሙን ነው።
ስትወርድ ትነግረኛለች፤
እኔም እንዳየ ሰው ራሴን እነቀንቃለሁ።

ከፊንላንድ ደብዳቤ መጣ። ልውውጥ ነው አሉ፤
አንድ ከኛ ይሄዳል፣ አንድ ከነሱ ይመጣል፤
የሰርከስ ተማሪ በሰርከስ ተማሪ፣
ሰኞ ገበያ በግ በፍየል እንደሚለወጠው፣
ምራቂ የለው፣ ክርክር የለው።

«ቪዲዮ ላኩ» ተባልን፤ አህመዴ በስልኩ ቀረጸን።
ሉባባ አየር ላይ ስትታጠፍ፣ ስትዘረጋ፣
ስልኩም አብሯት ሽቅብ ተነሣ፤
ከኔ የቀረው አንድ እፍኝ ጸጉር ነው
ከእግሯ ጣት ሥር፣ እንደ ሣር የተኛ።
አልተቀየምሁም።
ትንሽ ተቀይሜያለሁ።

የሄደች ለት በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁል
እስከ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ሸኘናት።
«ብርዱንሳ እንዴት ትችይው?» ትላለች እናት፤
«የደሴ ልጅ አይደለሁም እንዴ?» ትላለች።
ሻንጣዋን የያዝሁ እኔ ነኝ፣ ማን ሊይዝ።
አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ
«አብሽር ይመር» ብላ ትከሻዬን መታ አደረገች።
ስድስት ዓመት በእግሯ እንጂ
በእጇ ነክታው አታውቅም ነበረች።

በሳምንቱ ኤሮ መጣ። በሩን ጎንበስ ብሎ ገባ፤
ትከሻው የኢሱዙ ፊት።
ግቢው መሐል ቆመ፣ ጉልበቱን ሰበረ፣
እጁን ዘረጋ፣ ጠበቀኝ።
እኔም ጉልበቴን ሰበርሁ፣ እጄን ዘረጋሁ፣ ጠበቅሁት።
ለካስ የላኩልን የታች ሰው ነው!
ሁለት መሠረት፣ ማገር የሌለው ቤት።
ትንንሾቹ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለሉ በሳቅ፤
አህመዴ ራሱን ይዞ ተቀመጠ
የተበላሸ ጄኔሬተር ላይ።

ሦስት ቀን ተፋጠጥን።
ማታ ማታ የሉባባ ድምፅ ይመጣል በስልኬ፦
«እዚህ ከሥር መረብ አለ፣ ይመር።
ስወድቅ ማንም አይደነግጥም፤
እኔም አልደነግጥም፤
እና ምን ልበልህ፣ ደስ አይልም።»

በአራተኛው ቀን ኤሮ ጭኑን መታ መታ አድርጎ
«ና ውጣ» አለኝ። «አብሽር።»
ማን አስተማረው?

እኔ? ሰባ ሁለት ኪሎ?
ወጥቼ አላውቅም እኮ! ዛፍ እንኳ፣ ባሕር ዛፍ እንኳ
ሌላው ሲወጣ ከሥር ሆኜ ነው የደገፍሁ።
ጫማዬን አወለቅሁ።
እግሬ ጭኑ ላይ ተንቀጠቀጠ
ድንጋይ ንጣፍ ላይ እንደሚሄድ ባጃጅ፤
አንድ ጊዜ ጆሮውን ረገጥሁት፣ ዝም አለ፤
ከዚያ ቆምሁ።
ግንቡ አለቀ።

ጦሳ እንደተነገረኝ አልነበረም፤ የሐምሌ ጉም በልቶታል።
ያየሁት የማዕከሉን ጣሪያ ነው፤
ዝገት፣ የአንድ እግር ሸበጥ፣
ንፋስ የጣለው የምርጫ ወረቀት፣
አሸንዳው፤
አሸንዳው ውስጥ ደግሞ
ሉባባ ከካልሲ ሰፍታ፣ ማሽላ ሞልታ፣
በግንቦት ወርውራ ያጣቻት ኳስ።
ቀይ ካልሲ። ተረከዙ ተተርትሯል።
በቅሏል።
ቅጠሉ ክንድ አልፏል፣ ዝናብ ይጠጣል።

«ቀጥ በል! ፊት ለፊት እይ!» ይላል አህመዴ።
ኤሮ ቁርጭምጭሚቴን ይዞ፣ ዓይኑ ግንቡ ላይ፣
«ምን አለ?» ይለኛል በተሰባበረ አማርኛ።
«ማሽላ» አልሁት።
አልገባውም።
አጥብቆ ያዘኝ።