አራተኛው ብልቃጥ

ሙሐረቅ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
ባሕሩ ከመስኮቱ ሥር ያልበዋል።
የኑርዬ ደም፣ ቀዩ ተነጥሎለት፣
እንደ ቀጠነ ጠጅ ብጫ ሆኖ ተራውን ይጠብቃል።

ኑርዬ የሐርቡ ልጅ ነው፣ የወደብ ብረት ሠራተኛ።
ሆዱን አሞት ነበር፤ ሦስት ቀን ተቅማጥ፣ ከዚያ ዳነ።
በአሥራ አንደኛው ቀን መሰላል ሊወጣ ሲል
እግሩ "አላውቅህም" አለው።
አለቃው "ሰነፈ" ብሎ ጻፈ።

ደሙ ግን ሌላ ይላል።
አንድ ዘብ ሊያድን ወጣ፤
ጀርሙን ሊያድን፣ ኑርዬን ሊያድን፤
ቃሉ አንድ፣ ሥራው ሁለት።
በጀርሙ ቆዳ ላይ ያየውን ስኳር
በጌታው ነርቭ ላይ ደግሞ አየውና
የገዛ ቤቱን አጥር ነቀለ።

እሱን ከሺህ ለይቶ ማውጣት ነው ሥራዬ።

ዶክተር ሙኒራ የአያቷን ወንፊት ግድግዳው ላይ ሰቅላለች፤
መዳብ ነው፣ የሉል መለያ፣ ትልቁ ይቀራል ትንሹ ይወርዳል።
"የእኛ ዓምድ መጠን አይጠይቅም" ትላለች፣
"ትውውቅ እንጂ።"

ዓምዷ ከጣቴ አትረዝምም።
ውስጧ ነጫጭ እንክብሎች፣
በየእንክብሉ ላይ ያ ቅባት፣
የስብ ጅራቱ ተነክሶ፣ የስኳር ራሱ ወደ ውሃው ብቅ ብሎ።
(በራሱ ብናስረው ማንም አይለየውም ነበር።
ይህን እስክናውቅ ሁለት ወር ከሰርን።)

አፈሰስኩ። ጠብ። ጠብ።
የማያውቁት አለፉ፤
የኩፍኝ ትዝታ፣ የልጅነት ክትባት፣ የወባ ቂም፣
ሰላም ሳይሉ ወረዱ።
በጨው ውሃ አጠብኩ፣ ደግሜ አጠብኩ።
የቀረው ቀረ።

የያዘ በልመና አይለቅም።
ኮምጣጣ ይፈልጋል፣ ከሎሚ የማይተናነስ፣
ያዥና ተያዥ የሚረሳሱበት።
ከለቀቀም በኋላ እዚያው ከቆየ ይሞታል፤
ስለዚህ በየብልቃጡ ማለዘቢያ አስቀድሜ አኑሬያለሁ፣
ከዛፍ ለሚወድቅ ልጅ ገለባ እንደሚያነጥፍ ሰው።

አንድ፣ ባዶ።
ሁለት፣ ባዶ።
ሦስት፣ ጥርጣሬ።
አራት፣
መለኪያው ላይ መስመሩ ተራራ ወጣ።

በዓይን ሲያዩት ውሃ ነው።
ኑርዬን ከመሰላሉ ያወረደው ይሄ፤
አንድ ነገር ብቻ የሚያውቅ፣ እስከ ጥፋት ታማኝ።
ልቆጣው ፈለግሁ፣ አልሆነልኝም።

ሊነጋጋ ሲል ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ነቅቷል።
"አገኘሽው?"
"አገኘሁት።"
"ምን ይመስላል?"
"ምንም።"
ዝም አለ። ከብርድ ልብሱ ሥር
አውራ ጣቱን ሊያነሳ ሲታገል አየሁ።
ጨርቁ አልተነቃነቀም።
ግንባሩ ግን ወዛ።